ዘጠኝ ለእግር

ኦውሉ ላይ ጥር ነው፤ ቀኑ አጭር፣ ሌቱ ረዥም፣
የኤስኮ ማሳ ግን በረዶ አያውቅም።
ቀን የሰው ግብር ሲደምር ይውላል፣
ማታ ስክሪኑ ላይ እርሻውን ያሰላል።
አንድ መርጫ ዙሪያውን ስምንት ካሬ ካራሰ፣
ዘጠኝ መርጫ ተክሎ ሰባ ሁለት ደረሰ።
ማስፈራርቾው ከዳር፣ ቁራ እንዳይደፍር፣
አደንጓሬው እስከ ደጅ፣ መስመር በመስመር፤
ጦሙን የሚያድር መሬት የለም በዚህ አገር።

ችግኝ ሳለ ያሳልፋል፤ ሲጎለምስ አጥር ነው።
መመሪያው ላይ ተጽፏል። ማን ያነባል?

በጨዋታው ጎህ ቀደደ፤ በመስኮቱ ገና ነው።
ትንሹ ገበሬ ባርኔጣውን ደፍቶ በሩን ከፈተ፦
ወደ ቀኝ አደንጓሬ፣
ወደ ግራ አደንጓሬ፣
ፊት ለፊት አደንጓሬ። ደጁ ላይ ተገተረ።

ቬንላ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ከትከት አለች፤
«አባ፣ ሰውዬህ በየት ይለፍ?»

ኤስኮ ደግሞ ቆጠረ። ሂሳቡ ልክ ነው፤
ሁሉ ቦታ አለው፣ ከባለቤቱ በቀር።

ማጭድ አነሳ። አንድ ሙሉ ረድፍ፣ ከነአበባው።
ወረቀቱ ላይ ሰባ ሁለትን በላጲስ አጠፋ፣
ስድሳ ሦስት ጻፈ፤ ከጎኑም በትንሹ፦
«ዘጠኝ ለእግር። ጦሙን ይደር።»

«ወይም ለድመት» አለች ቬንላ፣
እርሳሱን ከእጁ እየወሰደች።