የቤት ሕግ

ዴልበርት ጎረቤታችን፣ የቤዝቦል ዳኛ ነበረ፣
በካንሳስ ሜዳ አቧራ ላይ፣ ጉልበቱ እስኪከዳው የኖረ።
የጨው ዕቃ፣ ክብሪት፣ ማንኪያ፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ
ያስጠናኝ ነበር ሕጉን፣ ከእራት በኋላ ጀምሮ፤

«ማንኪያዋ ቤት ናት እንበል፤ ሯጩ ከዚህ ይወጣል፤
ሦስት ማዕዘን ረግጦ፣ ዞሮ ሲገባ ነጥብ ይመጣል።
መቺው ሦስቴ ከሳተ፣ በቃው፤ አውራ ጣት ወደ ላይ፤
ሁለት እጅ ሲዘረጋ ግን፣ ደኅና ገብቷል፣ ያለ ከልካይ።»

ደስቲ የሚለው ራኩን፣ ጡጦ ጠብቶ ያደገው፣
ጭንብል ለባሽ እንደ ጌታው፣ ማንኪያዋን ነው የፈለገው።

ሚያዝያ ላይ ሶፋ ቀደደ። ዴልበርት «አንድ!» ብሎ ሳቀ።
ግንቦት ላይ የራሱን አውራ ጣት፤ ጥርሱ እስካጥንት ዘለቀ።
«ሁለት።»
ሰኔ ላይ የእኔን ጉንጭ።
ስንቱን ጎረምሳ የቀጣ
ያ ጎርናና ድምፅ ተዘጋ፤ ቃሉ ከአፉ አልወጣ።

ፒክአፑን አስነሣ በማግስቱ፤ ሦስታችንም ዝም ብለን፣
እኔ ጉንጬን፣ እሱ ጣቱን፣ በፋሻ ጠቅልለን።
ወንዝ ዳር ሳጥኑን ከፈተው። ደስቲ አሸተተ፤ አመነታ፤
ከዚያ ወደ ዛፎቹ በረረ፣ ሳይዞር ለአንድ አፍታ።

ዴልበርት እንዳጎነበሰ ቀረ፣ ለረጅም ጊዜ፤ ከዚያ
ሁለት እጁን ዘረጋ፣
ባዶው ሣር ላይ፣
እዚያ።