ታፔላ

መብራት ሄዷል ዛሬም፤ የማታ ክፍል ነን፤
ሻማ አብርቶ ሙሄ አስተካከለ መነጽሩን።
ከጦሳ የወረደ ጉም በተሰበረው መስኮት
ገብቶ ኋላ ተቀምጧል፣ ስሙ ሳይጠራለት።

በቁራጭ ጠመኔ አንዲት አህያ ሳለ፣
ከጎኗ ዝሆን አቆመና "አሜሪካ" አለ።
ጦይባ ሳቀች፦ "አህያዋስ የኛ ሰፈር ናት፣
ሰኞ ገበያ ነው ሽንኩርት የጫንኩባት፤
ዝሆኑን ግን እንጃ፣ በሐይቅ መንገድም አላየሁት።"

ሙሄ ግን አልሳቀም። እንዲህ ሲል ጀመረ፦
"የመጀመሪያው መሪ ሲሰናበት መከረ፣
'በቡድን አትከፋፈሉ'፤ ቃሉ ያማረ ነበረ፤
ምክሩን ሲጽፍ እንኳ ቡድኑ ሁለት ነበረ።
አንዱ፣ 'ማእከሉ ይጽና፣ ባንክ ይቋቋም፣ ይስፋ ንግድ'፤
ሌላው ከገበሬው ጋር፣ 'ግዛት በራሱ ይፍረድ'።
ፊተኛው ሞተ፤ ኋለኛው ብቻውን ነገሠ፣
ተፎካካሪ ቢያጣ በራሱ ላይ ፈረሰ።
ከፍርስራሹ መሐል አህያዋ ተነሣች፣
ድሃውን ነጭ አቅፋ ጥቁሩን ረገጠች።
ዊግ የሚሉትም ነበር፤ ሃያ ዓመት ገደማ
ኖሮ፣ በባርነት ነገር ተቀደደ እንደ ሸማ።"

"ሞተ?" አለ አራጋው፣ የፋብሪካ ዘበኛ፣
"የት ገቡ አባላቱ? ስንቱስ አፈር ላይ ተኛ?"
"ቤታቸው ገቡ።"
"ቤታቸው?"
ሻማውን አየ አራጋው።

እኛ ቤት "ፓርቲ" ሲባል እናቴ መስኮት ትዘጋለች፣
ታላቅ ወንድሜን በስሙ ሳይሆን "ያ ልጅ" ብላ ትጠራለች።

"አይቅኑባቸው" አለ ሙሄ፣ "ዕዳው ኋላ ተከፈለ፤
'ባርነት አይስፋ' የሚል ፓርቲ፣ ዝሆኑ፣ በቀለ፤
አገሩ ለሁለት ተቀዶ ስንቱ ጦር ሜዳ ቀረ፣ ስንቱ ዋለ!"

"እንግዲያ ዝሆኑ ደግ፣ አህያዋ ክፉ ናታ!"
አለች ጦይባ። ሙሄ ጠመኔውን አኖረ በእርጋታ።

"ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ፣ ጠመዝማዛው መሐል ላይ
ሁለት ሚኒባስ ቆመው፣ ጉሙ ተደፍቶ ከላይ፣
ሾፌር ለሾፌር ሲሸጥ ተሳፋሪ አላየሽም?
'ውረዱ፣ በዚያኛው ግቡ!' ታፔላ ግን አይነቀልም።
ዞረው ይመለሳሉ፤ ማን ያንን ልብ ብሎ አወጣ?
'ደሴ' የሚለው ወረደ፣ 'ኮምቦልቻ' የሚለው ወጣ።
እነሱም እንዲያ ናቸው። መቶ ዓመት ፈጀ፣ በየመታጠፊያው፣
ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ በመብት ትግሉ፣ በየምርጫው፤
የጥቁሩ ልጅ ካያቱ ዝሆን ወርዶ አህያዋ ላይ ወጣ፣
የደቡቡ ነጭ አህያዋን ትቶ ወደ ዝሆኑ መጣ።"

ሻማው አለቀ። ወጣን።

መነኸሪያው በር ረዳቱ "ኮምቦልቻ!" ይላል፣
የሚኒባሱ ግንባር ግን "ደሴ" እንዳለ ውሏል፤
አራጋው፣ የሌሊት ተረኛ፣ ሳይሳፈር ቆሞ ያያል፣
አጎንብሶ፣ አንድ ባንድ፣ ውስጥ ያለውን ይቆጥራል።

ቤት ስገባ እናቴ "ምን ተማራችሁ?" አለች።
"ስለ አህያና ዝሆን።"
"ተረት ነው?" ብላ ሳቀች።
ዝም አልኩ። መስኮቱንም ሳትዘጋው ተኛች፤

ጉሙ ገብቶ አደረ።