ዐለት የሌለበት መንደር

ማክሰኞ ነው፣ ጥናት፤ ሞተሩ እንቢ ቢል፣
በቀዘፋ መጣሁ፣ መዳፌ እስኪቆስል።
መጽሐፌን በላስቲክ ጠቅልዬ ከደረት፣
በዓሣ ቅርጫት መሐል፣ ከእማማ ኪምሊ ቤት።

ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ላይ ቤቷም ይንሳፈፋል፣
ክረምት ሲሞላ ወጥቶ፣ በበጋ ይወርዳል።
ልጆቹ በሳፋ እየቀዘፉ መጡ፣
ከመረቡ ዳርቻ ተደርድረው ተቀመጡ።

የዛሬው ክፍላችን፣ ስለዚያ ብልህ ሰው፣
ቤቱን በዐለት ላይ ስለመሠረተው።
«ድንጋይ» ልል በክመርኛ፣ «አዲስ» ብዬ አረፍኩት፤
ፋላ አረመችኝ፣ ልጆቹ ሳቁበት።

እማማ ግን አልሳቀች፤ ዓሣ ስትበልት ቆይታ፣
ቀና ብላ አየችኝ፣ ቢላዋዋን ትታ፦
«መምህር፣ ያ ሰውዬ ጎርፍ አይቶ አያውቅም?
ዐለት ላይ የቆመን ውኃ አይምረውም።
የእኛ ግን ይነሣል፣ ከጎርፉ ጋር አብሮ፤
እኔን የሚያሰጋኝስ፣ የገመዱ ቋጠሮ።»

ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ነጥብ ጽፌ ነበር፤
አንዱም አልጠቀመኝ።
ዝም አልኩኝ፣ ከምር።

ያን ሌሊት ዝናቡ ዶፉን ይዞ መጣ፣
ወለሌ ከነአልጋው ቀስ ብሎ ወጣ።
ገመዴን ላጠብቅ ባትሪ ይዤ ብወጣ፣
አንድ ሰው ቀድሞኛል፤ በድርብ ቋጥሮታል።
ገመዱን ዳሰስኩት፤
ዓሣ ዓሣ ይሸታል።