አራተኛ ቦርድ

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ተራ፣
ዝናብ ከጣሪያው ላይ ሚስማር እየዘራ፣
ሁለት የቼዝ ማሽን ደረደረ ሻፊ፣
አፈ ጤፍ ነጋዴ፣ ቀን ሙሉ ለፍላፊ።
«ይኸኛው ይናገራል፣ እንጨቱም ያበራል፤
ይኸ ደግሞ ፕሮፌሰር! ተማሪ ያባርራል።»

እኔ የክለባችን አራተኛ ቦርድ፣
ማክሰኞና ዓርብ፣ በሐምሌ ብርድ፣
ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ከእንጨት ሥራ ክፍል፣
በየወሩ መዋጮ አሥር ብር የምከፍል።
ከላዬ ሦስት አሉ፣ የማልደርስባቸው፤
ከታቼ ልጆች ናቸው፣
ሊያልፉኝ መሆኑን የማውቅባቸው።

ልኬ ነበር ሙዘይን። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ፤
ፈረስ ሊያነሣ ሲል ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ሲሳሳት ጆሮውን በጣቱ ፈልጎ።
ዝውውር ደረሰው፤ ባለፈው መስከረም
ጓዙን ባይሱዙ ጭኖ ቦንጋ ሄደ፤ የለም።

ስልክ ላይ ሞከርኩኝ። ስልክ ግን ስልክ ነው፤
ንጉሤ ተከቦ፣ እጄ አየር ላይ ሳለ፣
«ሒሳብዎ አልቋል» ብሎ የሚያቋርጥ ነው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት።
«አራት ባትሪ ድንጋይ ክረምቱን ያስወጣል፤
አንተ ብቻ ምረጥ፣ ሌላው ይስተካከላል።»

እንጨት ነው ያለኝን በጥፍሬ ጫርኩት፤
ልጥፍ ወረቀት ነው፣ ከጫፉ ላጥኩት።
ዋንዛ ስልግ ኖርኩኝ፤ እንዴት ያታልለኝ?
ሳልጀምረው ደግሞ በሴት ድምፅ «ቼክ!» አለኝ።

ፕሮፌሰሩ መጣ። ጉልበቱ የላቀ፤
በሃያ ሦስት እርምጃ አንገቴን አነቀ።
«ዝቅ ይላል!» አለ ሻፊ፣ ቁልፉን ተጭኖ፤
ዝቅ አለ ማሽኑም፣ አወቀብኝ ሆኖ፤
በዐሥረኛው እርምጃ ንግሥቱን አምጥቶ
ከወታደሬ ፊት አስቀመጣት፣ ትቶ።

ደሜ ፈላ።
አጎቴ ነበረ እንዲህ፣ ትግል ገጥሞኝ ሆን ብሎ የሚወድቅ፣
ሣር ላይ ተዘርሮ፣ ፊቱን አዙሮ የሚስቅ።
ሃምሳ ዓመት ሞልቶኛል፤
እየቻለ የሚሸነፍልኝን ምን አደርገዋለሁ?

ልወጣ ነበረ፤ ዝናቡ አስቀመጠኝ።
ከድሮ ቴፖች ሥር አንዲት ማሽን አየሁ፣
ነጭነቷን ዕድሜ ሻይ ያስነካት።
«እሷን ተዋት» አለኝ፣ «እሷ አሮጊት ናት፤
በጣት ካልተጫኗት እርምጃ አይገባት፤
አንድ ጳጳስ ጎድሏል፣ የጠርሙስ ክዳን ናት።»

ቁልፏን ነካሁ።
ቀይ መብራቶቿ አንድ በአንድ እየበሩ
የሌላ ሰው ጨዋታ አሳዩኝ፣ መሀል ላይ የቆመ፤
ነጩ በአንድ ወታደር በልጦ፣ ተራውም የነጭ።
ማን ነበር? የት አገር?
ምናልባት እራት ቀርቦ፣ ምናልባት እንግዳ መጥቶ፣
ምናልባት... ተዉት።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፣ የማላውቀውን ሰው ተክቼ።
ተጫወትኩ። አሰበች።
ሻፊ ለአንዱ ቻርጀር ሸጠ፣ ከሌላው ጋር ተጣላ፤
አሁንም ታስባለች።
ከዚያ ተሳሳተች፣
የእውነት ስሕተት፣ የልፋት፤
ፈረሴን ስታሳድድ የዳር ወታደሬን ረሳች፣
ሙዘይን የሚረሳውን፣ እኔም ስንቴ የረሳሁትን።
ልሸነፍልህ አላለችም። አልቻለችም፣ በቃ።

«ስንት?» ስለው ፊቴን አየና ጨመረ፤
ሦስት ሺህ የነበረው አራት ሺህ ነበረ።
ከፈልኩ። ክርክሩን ለቼዝ አስቀምጬ።

ጳጳሱን ከጽድ ቀረጽኩት፤ አንገቱ ትንሽ ረዘመ፣
ከጓደኞቹ መሀል ጎንበስ ብሎ ቆመ።

ቦሳ ኪቶ ዛሬም መብራት የለም።
ከጨለማው መሀል አንዲት ቀይ ነጥብ፣
አንዴ በራ፣ አንዴ ጠፋ፣ ስታስብ።
ተራዬ ደረሰ። ፈረሴን ላነሣ
እጄን ሰደድኩና
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣
ራሴው።