ሹፌሩ ስንዴ የሆነ ዕለት

በሳስካቱን የካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
መስኮቴን በረዶ ሸፍኖት፣ ቧንቧው ሲያቃስት ሲያገሳ፣
ይታገሱ ደወለልኝ፤ ደንብሬ ከእንቅልፌ ልነሣ።
«ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። አነበብኩት ስምንት ጊዜ፤
ኮዱ ላይ አንድ ስሕተት የለም፤ ወይ እኔ ላይ ነው አባዜ።»

ኮዱ የማኅበር ቁጠባ ነው፤ አርባ አንድ ሰው፣ አንድ ገንዳ፤
መቶ ቶከን የሚያስገባ፣ መቶ የሚያወጣ ያለ ዕዳ።
አርባው መጥተው ወሰዱና፣ ወይዘሮ ፋናዬ ቀረች፣
ሌሊቱን የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ያደረች።
ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ጓንቷን አውልቃ ነካችው፤
«በቂ የለም» አላት ስልኩ። ደግማ ደጋግማ ጫነችው።
ከኋላ የመጣ ዓይን አወጣ ይላል የአገሬ ሰው፤
እሷ ከኋላ መጥታ ያገኘችው፣
አሥራ ስምንት።

ቶከኑን ገልጬ አየሁት፤ ሌባው እዚያ ነው ያለ፦
በተሻገረበት ኬላ ሁሉ ከመቶ ሁለት እየጣለ፣
ዘጠና ስምንት ሆኖ ይደርሳል።
የእኛ ኮድ ግን መች ይመዝናል?
ላኪው «መቶ» ካለ፣ «መቶ» ብሎ ይጽፋል፤
ቃል ይሰማል እንጂ ጆንያ አይዳስስም።
ሁለት በአርባ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት፤
ያን ሁሉ ጉድለት የተሸከመች አንዲት ሴት።

እኔ ከኮድ በፊት፣ በሮዝታውን ጎተራ፣
ሁለት መኸር ሙሉ ሚዛን ቤት ስሠራ፣
ፓናስዩክ ነበረ አለቃዬ፣ ሽማግሌው፣
«ስንት ጫንክ?» ብሎ ሹፌር ጠይቆ የማያውቅ ሰው።
ከነእህሉ ይመዝናል፤ መኪናው ያራግፋል፤
ባዶውን ይመዝናል፤
ከፊተኛው ኋለኛውን ይቀንሳል።
ጭቃውም፣ የታፋው በረዶም፣ የሹፌሩም ምላስ
አይቆጠሩም። ልዩነቱ ነው ስንዴው።

ይህን ለይታገሱ ነገርኩት። ሁለት መስመር ጨመረ፦
በፊት ስንት ነበረ? በኋላስ ስንት አደረ?
«አለቀ!» ብሎ ሲፎክር በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።
«ቆይ» አልኩት፣ «የዱዌንን ነገር ሳትሰማኝ።»

ዱዌን የሚስቱን ወንድምና ውሻውን ጋቢና ጭኖ ገባ፤
ሙሉው ተመዘነ።
ስንዴው ከተራገፈ በኋላ ወረዱ፣ ሲጋራ ሊያጨሱ፤
ባዶው ተመዘነ።
በዚያ ቀን ደረሰኝ ላይ ሁለት ሰውና አንድ ውሻ
ስንዴ ሆነው ተሸጡ።

ፓናስዩክ በነጋታው ቀይ መብራት አቆመ።
«መቀነስ አይዋሽም» አለ፤ «ግን በሁለቱ ሚዛን መሀል
ጊዜ አለ። በጊዜ ውስጥ ደግሞ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል።»

ኮድም እንዲያው ነው። ገንዳው ቶከኑን ሲጠራ፣
ቶከኑ ሌላ ይጠራል፤ ያ ሌላው በጓሮ ዞሮ
የፊተኛው ሳይዘጋ እንደገና ያስገባል፤
አንዱ ጆንያ በሁለት ደረሰኝ ይቆጠራል።
ስለዚህ መቀርቀሪያ፦ አንዱ ገብቶ ሳይወጣ
ማንም አይግባ፤ የመጣው ይመለስ እንደመጣ።
በአጥር የተወረወረ፣ ማንም ያልጠራው ቶከን ቢገኝ
የማንም ድርሻ አይደለም፤
ደብተራችን ሌላ፣ ገንዳው ሌላ።

ሊነጋ ሲል ሙከራው ሁሉ አረንጓዴ በራ።
ግን አዲሱ ኮድ ለነገ ነው። የትናንቱ አይፋቅም፤
ብሎክቼይን ላጲስ አያውቅም።
ይታገሱ ዝም አለ። ከዚያ ከራሱ ኪስ
ሰማንያ ሁለት ላከ፣ የፋናዬ መቶ እንዲደርስ።

የደረሰው ሰማንያ ነጥብ ሠላሳ ስድስት።

ሣቄ አመለጠኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያስተማርኩት!
«ስንት ይቀራል?» አለኝ አፍሮ።
«እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት፤
«መዝን።»