ጥሪ

ጋሽ ፈንቴ ሚኒባሱን ላንድ ቀን ፈቀደ፣
«ነዳጁ በናንተ» ብሎ ቁልፉን ለእንየው ሰደደ።
ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ በሐምሌ ካፊያ ተነሣን፣
ቡሬ ተኝታ ነበር፤ አንድ ውሻ ብቻ ሸኘን።

እናቴ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ከኮሶበር ወዲያ በመኪና አልፋ አታውቅምና።
ከወንበሩ ሥር አውራ ዶሮ፣ እግሩ በገመድ ታስሮ፤
«ለዚያች ለዶርሟ ጠባቂ ነው» — ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ ተነግሮ —
«ልጄን ታይፎይድ የጣላት ለታ፣
አዝላ ያደረሰቻት ሐኪም ቤት፣ በማታ።»
አባቴ የክት ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ፣
ሁለቱን የጥሪ ካርድ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ፣ ሦስት ሆነው እንደሆን ሊያይ።

እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ።
ስድስት ዓመቴ፣ አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንዱ ከነፋስ፣
የከተማ ስም እየጠራሁ እንጀራዬን ስቆርስ።
ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው «ወራጅ አለ!» ያልኩት፣
የሁለት ልጅ ደብተር አንድ ጥማድ በሬ ሲከብደው ስላየሁት።

ቲሊሊ ላይ ገበያተኛ ዝናብ ውስጥ እጁን ዘረጋ፤ አላቆምንም።
«ኮንትራት ነው!» አልኩ በመስኮት፤ ኮራም ብዬ፣ አልዋሽም።
ዘንገና ጉም ለብሶ ነበር። ኮሶበር ላይ ዶሮው ጮኸ፣
«ነጋልን» አለ እንየው፤ አባቴ ሳይወድ ሳቀ።

ዱርቤቴ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማ ተነፈሰ፣
ክሪኩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ ያባቴ ነጭ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ራሰ።
ድንጋይ እያቀበለኝ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለኛል፣
እያወቅሁት «ገና ነው» አልኩ፤ ረዳት ሁሌ እንዲህ ይላል።

ወተት ዓባይን ስንሻገር ግን
አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ።
አምና ነው። ባሕር ዳር መናኸሪያ
ከጓደኞቿ መሀል አየኋት፤ አላየችኝም።
ሁለቱ ጃንጥላ ይዘዋል፤
ሦስተኛው ስልኩን እያሳያት ያስቃታል።
ስሟ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
ሸሚዜን አየሁት። ግራሶውን። የተተረተረ ብብቴን።
«ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው!» አልኩ ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ፤
በድምፄ ዘወር ስትል፣ እኔ አልነበርኩም፤ የነበረችው ቡሬ።

ስንደርስ ረፍዷል። እናቴና አባቴ ገቡ እየሮጡ።
ዶሮውን ፍተሻ መለሰው፤
እኔና እሱ ከአጥሩ ውጭ፣ ከአበባ ሻጮቹ ጋር።
የድምፅ ማጉያውን ነፋስ እየቆረጠ ያመጣዋል፤
ጆሮዬን ለስሟ አቁሜ ጠበቅሁ።
ጭብጨባ መጣ። ስም አልመጣም።

ወጣች፤ ጋዋኗ ዝናብ ጠጥቶ፣ ቆቧ ባንድ ጎን ዘሞ፣
አባቴ ከኋላዋ፣ ገበያ እንደተሰረቀ ሰው ፊቱ ተከስክሶ፣ ደክሞ።
«ስሟን አልጠሩም!» አለኝ። «ሲቪል ምሕንድስና
ተነሡ፣ ተቀመጡ! እንደ ጤፍ በቁና!
አምስት ዓመት ለለፋች ልጅ አንድ ስም ይከብዳል?»
«አባ፣ ብዙ ነን» አለችው፤ «የትም እንዲህ ይደረጋል።»

ዝም አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ፦
«አንተ ከተማ ስትጠራ ትውል የለ?
በል፣ ጥራልኝ ያችን ልጅ።»

«ኧረ ተው!» አለች፣ ፊቷን በቆቡ ሸፍና።
ከበሩ መርገጫ ላይ ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ያን ቀን መናኸሪያ የዋጥኩት መጣ፣ እንዳለ፦

«ይታይሽ!
ይታይሽ አንለይ!
ይታይሽ አንለይ ቢያድግልኝ!»

ፎቶ አንሺው ዞረ። ባጃጅ ሁሉ ዞረ።
ቆቡ ከፊቷ ወርዶ፣ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ
አሁንም አልለየሁትም።

አንዲት ሴትዮ ፌስታል አንጠልጥለው ሮጠው መጡ፦
«ልጄ፣ ይታይሽ ማለት በየት ነው? በመርዓዊ ያልፋል ወይ?»

አባቴን አየሁት። ካርዶቹን አሁንም ይዟቸዋል፤ ርሰዋል።
«ያልፋል እማማ» አልኳቸው። «ይግቡ፣ ቦታ አለ።»