ያጠፋሁት ነጥብ

መጀመሪያ ያየሁት የጥር ሙሽሮች ላይ፤
ከኋላቸው ጣና፣ ከጣና በላይ ሰማይ፣
ከቬሎዋ አናት ስንዝር ያህል ወጥቶ
አንድ ግራጫ ነጥብ፣ ጠርዙ እንደ ስኳር ሟሙቶ።

በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ሙሽራ አቆምሁ፤
ያው ነጥብ፣ ያው ጥግ፣ ያው ቁመት አገኘሁ።
ካርድ ሳይላክለት ከድግስ የማይቀር፣
ሙሽራ ቢቀየር ወንበር የማይቀይር።

ሌንሱ መሰለኝ፤ በጨርቅ አሸሁት።
ሌላ ሌንስ ተዋስሁ፤ እዚያም አገኘሁት።
«ፊልም ሳለ» አለች ባንቻምላክ፣ የስቱዲዮዋ ባለቤት፣
ጣቶቿ ፊልም ሲያጥቡ የነጡባት፣
«ጉዱ ከፊልሙ ጋር ተጠቅልሎ ያልፋል።
ያንተ ሴንሰር ግን ያው ነው፤ የገባበት ያድራል።
ሌንስ ስትቀይር፣ ያውም ወደቡ ዳር፣ በዚያ ነፋስ፣
በሩን ከፍተህ ትተህ ማንን ልትከስ?
አጽዳው።»

ፈራሁ። ቴምብር የምታህል መስታወት ብትጫር
የዓመት ቀብዴ ሁሉ አብሮ ነው የሚቀበር።
ኮምፒውተር ላይ ዋልሁ፣ ካሜራውን ትቼ፤
ከነጥቡ አጠገብ ንጹሕ ሰማይ ቀድቼ
እላዩ ላይ ማፍሰስ። ከጣናም መቅዳት፣
በጣና ላይ መድፋት።
ሰማይ ጠጋኝ ሆንሁ፤ ስፌቴ አይታይም።
መጀመሪያ መርምሬ፣ በኋላ ሳልመረምርም፣
ጠቅ። ጠፋ።
ጠቅ። ጠፋ።
ጣቴ ዓይኔን ቀደመው።
ነጥብ የሆነ ሁሉ አቧራ መሰለው።

መጋቢት ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ፣
ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ልግባ እያለ።
ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፤
እጁ ደንገል ደንገል ይሸታል።
እንየው ይባላል፤ ከዘጌ እንጨት ጭኖ በታንኳ ይመጣል።
«የትርንጎ ወንድም ነኝ፣ የጥሯ ሙሽራ።
በመሬት ጉዳይ ከአባቴ ተቃቅረን
ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም።
ቢሆንም አልቀረሁም።
ስታነሣቸው ከኋላ፣ ውኃው ላይ ነበርሁ፣
መቅዘፊያዬን አጋድሜ።
አይታኛለች። አበባውን ከፍ ያደረገችው ለእኔ ነው።
ያቺን ስጠኝ፤ እከፍላለሁ።»

አስታወስሁ።
«ዝቅ አድርጊው፣ ፊትሽን ከለለው» ብያት ነበር።

ፎቶውን ከፈትሁ። ትርንጎ፣ አበባው፣ የተነሣው ክንድ።
ከኋላዋ ጣና
ልሙጥ፣ ብርማ፣ ማንም ያልቀዘፈበት፣
አንዲት እንከን እንኳ ያልተገኘችበት፤
የራሴ የእጅ ሥራ።
ዋናውን ፈለግሁ፤
ካርዱ ለየካቲት ሠርግ ባዶ ተደርጓል።

እንየው አልተቆጣም። ጣቱን ዘርግቶ
ስክሪኑ ላይ ጫነው፣ ከክንዷ በስተግራ፤
«እዚህ ነበርሁ» አለ።
ያመጣውን ብር ቆጥሮ ወደ ኪሱ መለሰና ሄደ።

በዚያ ሌሊት ወለሉን ውኃ ረጨሁ፣ አቧራው እንዲተኛ።
መስኮቱን ዘጋሁ። ባትሪውን ሞላሁ።
ካሜራውን በአፉ ደፋሁና በጎማው ወናፍ
ከታች ወደ ላይ፣ እፍ፣ እፍ፤
በራሴ ትንፋሽ አይደለም፣ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።
ቀጥሎ ጨርቅ የለበሰው ዘንግ፣ ሁለት ጠብታ፤
ከዳር እስከ ዳር አንዴ፣ ሳልጫን፣ ሳልመለስ፣
የተኛ ሕፃን ዓይናር እንደሚጠርግ ሰው።

ነጩን ግድግዳ አነሣሁ፣
ቀዳዳውን እስከ ሃያ ሁለት አጥብቤ።
ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁት።
ነጭ። ነጭ። ነጭ።
ከዚያ አንድ ነጥብ።

ፎቶውን ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ነጥቡ አልተከተለም።
ወደ ታች ሳብሁት፤ ንቅንቅ አላለም።
ከፎቶው አልነበረም። ከላይ ነው፣ ከመስታወቱ፤
የጣት ወዝ ነው፣ ከነመስመሩ፣ ከነሽታው ማለት ይቻላል።

ጨርቁን አነሣሁ።
መልሼ አስቀመጥሁት።